«ቡስ» ከየት መጣ?

የስም እርባታ ከጽሑፍ ዘመን በፊት እንዴት እንደ ተገነባ



በማስተማር ልምምድ ላይ ሳላችሁ አንድ ንቁ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፤ አውቶ ማለት በራሱ ማለት ነው ብለውናል፤ ታዲያ ቡስ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን «መኪና ማለት ነዋ!» ብለን እናልፋለን። መልሱ ግን ልክ አይደለም። «ቡስ» በመነሻው መኪናም ሠረገላም ማለት አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ቃልም አልነበረም። በላቲን ቋንቋ ከስም ኋላ የሚለጠፍ ባዕድ መድረሻ ነበር። «ኦምኒስ» ሁሉ ማለት ሲሆን «ኦምኒቡስ» ለሁሉም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በፈረንሳይ አገር፣ በናንት ከተማ፣ ማንኛውም መንገደኛ ከፍሎ የሚሳፈርበት በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሥራ ሲጀምር «ኦምኒቡስ» የሚል ስም ወጣለት። ቆየት ብሎ ሰዎች ስሙን አሳጠሩና ግንዱን ጥለው ጅራቱን ብቻ ያዙ። ሞተር ሲመጣ ደግሞ ከፊቱ «አውቶ» ተጨመረበት። እንግዲህ ፌርማታ ላይ ቆመን የምንጠብቀው ነገር ስሙን ያገኘው በአማርኛ «ለ» የሚሠራውን ሥራ ከሚሠራ ጅራት ነው ማለት ነው።

ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም። ጅራቱስ ራሱ ከየት መጣ? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህ ጽሑፍ የሕንድ-አውሮፓ ቋንቋዎች የስም እርባታ ከጽሑፍ ዘመን በፊት እንዴት እንደ ተገነባ ባጭሩ ያስረዳል። ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፤ እርባታ ካንድ ጊዜ ሞልቶ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በየዘመኑ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ይህን ያወቀ መምህር «እንዲህ ነው፤ በቃ ሸምድዱ» ከማለት ይድናል።

1. የስም እርባታ ስንል

አንድ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሙያ ለማሳየት መልኩን ሲለውጥ ረባ ይባላል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በግዕዝ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» ይሆናል፤ «ሐነጸ ቤተ» ማለት ቤት ሠራ ማለት ነው። በአማርኛም «ካሳ አበበን መታው» ስንል መቺውንና ተመቺውን የምትለየው «ን» ነች። በሕንድ-አውሮፓ ቋንቋዎች ግን ነገሩ ሰፋ ይላል። ጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት ለአንድ ስም ስምንት ሙያዎች፣ ሦስት ቁጥሮች (ነጠላ፣ ሁለትዮሽና ብዙ)፣ እንዲሁም ሦስት ፆታዎች (ተባዕት፣ አንስትና ግዑዝ) ነበሩት። ስምንቱን በሦስቱ ብናባዛ ለአንድ ስም ብቻ 24 ቦታዎች እናገኛለን። ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

2. ጽሑፍ በሌለበት እንዴት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ1786 ዊልያም ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ በካልካታ ከተማ ባደረገው ንግግር፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆን አለባቸው አለ። ያ ምንጭ ዛሬ ጥንተ ሕንድ-አውሮፓ ቋንቋ ይባላል። እንግሊዝኛ፣ ሩሲያኛ፣ ፋርስኛ፣ ሂንዲና አርመንኛ ሁሉ የእርሱ ዘሮች ናቸው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ቋንቋው ከ6,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት ገደማ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን በሚገኘው የሣር ሜዳ ይነገር ነበር ይላሉ። ተናጋሪዎቹ አንድም ጽሑፍ አልተዉልንም። ስለሆነም የሚቀረው መንገድ ልጆቹን አስተያይቶ የወላጁን መልክ መልሶ መገንባት ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ተኩላ የሚለው ስም ባለቤትና ተሳቢ ሲሆን መልኩ እንዲህ ነው።

በሳንስክሪት፦ ባለቤት ቭርካስ፤ ተሳቢ ቭርካም
በላቲን፦ ባለቤት ሉፑስ፤ ተሳቢ ሉፑም
በግሪክ፦ ባለቤት ሊኮስ፤ ተሳቢ ሊኮን

ሦስቱም ባለቤቱን በ«ስ» ይዘጋሉ። ተሳቢውን ሁለቱ በ«ም»፣ አንዱ በ«ን» ይዘጋሉ። በግሪክ በቃል መጨረሻ ላይ የነበረ «ም» ሁሉ ወደ «ን» እንደ ተለወጠ ስለሚታወቅ፣ ወላጁ ቋንቋ ለባለቤት «ስ»፣ ለተሳቢ «ም» ነበረው ብለን እንደመድማለን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «የግሪኩ ን እና የእኛ ን አንድ ናቸው ማለት ነዋ!» የሚል ሰልጣኝ አይጠፋም። አይደሉም። የግሪኩ «ን» ከ«ም» የመጣ መሆኑን አሁን አይተናል፤ የአማርኛው ሌላ ታሪክ አለው። አንድ ድምፅ መመሳሰሉ ዝምድናን አያረጋግጥም። ዝምድናን የሚያረጋግጠው በብዙ ቃላት ላይ በሥርዓት የሚደጋገም ተዛማጅነት ነው።

3. የድሮው አስተሳሰብና የኬጢያውያን ምስክርነት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ሊቃውንት ወላጁ ቋንቋ ሳንስክሪትን የሚመስል፣ እርባታው የሞላለት ነበር ብለው ያምኑ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 መልሶ በገነባው ቋንቋ አንዲት አጭር ተረት እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ ቋንቋ ከታሪክ በፊት ባለው ዘመን ያድጋል፤ ሕዝቡ ወደ ታሪክ ከገባ በኋላ ግን ይፈራርሳል። ይህ አመለካከት በዚያ ሳይወሰን ቋንቋዎችን በደረጃ እስከ መደርደር ሄዶአል፤ እርባታ የበዛበት ቋንቋ ከላይ፣ እርባታ የሌለው ከታች ተመደበ። ነገሩ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን ተናጋሪውንም የሚነካ ፍርድ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ያናጋው ከመሬት በታች የወጣ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በዛሬይቱ ቱርክ በቦጋዝኮይ በተደረገ ቁፋሮ የኬጢያውያን ዋና ከተማ የሐቱሳ የሸክላ ጽላቶች በብዛት ተገኙ። ኬጢያውያንን ስማቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቃለን፤ ኦርዮ ኬጢያዊውን የማያስታውስ የለም። እ.ኤ.አ. በ1915 ቼካዊው ሊቅ በድርዢክ ህሮዝኒ የጽላቶቹ ቋንቋ ሕንድ-አውሮፓዊ መሆኑን አስታወቀ። ፍንጭ ከሰጡት ቃላት አንዱ «ዋታር» ሲሆን ትርጉሙ ውሃ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ዎተር» ዘመድ መሆኑን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ጽላቶቹ የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛውና በ13ኛው ምዕተ ዓመት መካከል ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው የሞላ እርባታ ይጠብቅ ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ሆነ። ባለቤቱ በ«ስ»፣ ተሳቢው በ«ን» መዘጋቱ እንደተጠበቀው ነው። የአንስት ፆታ ግን ጨርሶ የለም! ያሉት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሕያው ወገን፣ ሌላው ግዑዝ። የብዙ ቁጥር እርባታውም ከነጠላው በጣም ያነሰ ነው። «ከ» እና «በ» የምንላቸውን ሙያዎች የሚያሳዩት መድረሻዎች በነጠላም በብዙም ያው ናቸው። መጀመሪያ አንዳንዶች «ኬጢያውያን ነበራቸው፤ ጣሉት» አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ግን ሌላውን መልስ ነው፤ የኬጢያውያን ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ቀድሞ ተለየ፤ አንስት ፆታ በወላጁ ቋንቋ የበቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለሆነም እርባታው የተገነባበትን ቅደም ተከተል ማየት ተቻለ።

4. የመጀመሪያው ንብርብር፦ ሕያውና ግዑዝ

በጥንታዊው ደረጃ ስም በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። ሕያው ወገን ሲባል ሰው፣ እንስሳ፣ እንዲሁም ኃይል እንዳለው የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ነገር ራሱ በሁለቱም ወገን ሊጠራ ይችላል። እሳት በላቲን «ኢግኒስ»፣ በሳንስክሪት «አግኒስ» ሲባል ሕያው ነው፤ በሕንድ አግኒ የአምላክ ስም ነው። በኬጢያውያን «ፓሕሑር»፣ በግሪክ «ፒር» ሲባል ግን ግዑዝ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ፋየር» ከዚህኛው ይወለዳል። የመጀመሪያው እሳትን እንደ አድራጊ፣ ሁለተኛው እሳትን እንደ ቁስ ይጠራዋል።

የባለቤት «ስ» እና የተሳቢ «ም» ልዩነት የሚታየው በሕያው ወገን ብቻ ነው። ግዑዝ ስም ባለቤትም ሆነ ተሳቢ መልኩ አንድ ነው። ለምን ይሆን? «ካሳ» እና «አበበ» ሁለቱም መምታት ይችላሉና ማን ማንን እንደ መታ ምልክት ያስፈልጋል። «ካሳ ድንጋይ ፈለጠ» ብንል ግን ድንጋዩ ካሳን ፈለጠ ብሎ የሚሳሳት የለም። ምልክት የሚበቅለው የሚያደናግር ነገር ባለበት ነው።

«ስ» እና ዘርፍስ? በብዙ ስሞች የዘርፍ ምልክቱም በ«ስ» ያልቃል፤ የእንግሊዝኛው ባለቤትነት አመልካች «ስ» የዚያ ርዝራዥ ነው። በኬጢያውያን ቋንቋ አንድ ትልቅ የስም ክፍል ባለቤቱም ዘርፉም በነጠላ ቁጥር «አስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የኔዘርላንዱ ሊቅ ኡለንቤክ፣ «ስ» በመነሻው የባለቤት ሳይሆን የአድራጊ ምልክት ነበረ፤ «ም» ደግሞ የተደራጊ ምልክት ነበረ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚህም ተነሥተው አንዳንዶች የአድራጊውና የዘርፉ «ስ» ጥንት አንድ ነበሩ ይላሉ። ነገሩ በዓለም ላይ ያልታየ አይደለም፤ በግሪንላንድ የኢኑይት ቋንቋ አድራጊንም ባለንብረትንም የሚያመለክተው አንድ መድረሻ ነው። ሆኖም ይህ እስከ ዛሬ የሚያከራክር መላምት ስለሆነ ለተማሪ እንደ ተረጋገጠ እውነት አይነገርም።

የዚህ ንብርብር ሌላ ቅርስ ውሃ ውስጥ አለ። የኬጢያውያን «ዋታር» ዘርፍ ሲሆን «ዊቴናስ» ይሆናል፤ «ር» ሄዶ «ን» ይተካል። ልጆቹ ቋንቋዎች ይህን መለዋወጥ ከበዳቸውና አንዱን መረጡ። እንግሊዝኛ «ር»ን ይዞ «ዎተር» አለ፤ የቅርብ ዘመዱ ስዊድንኛ «ን»ን ይዞ «ቫተን» አለ። ላቲን በጥቂት ስሞች ሁለቱንም አቆይቶአል፤ መንገድ «ኢተር» ሲሆን የመንገድ ሲባል «ኢቲኔሪስ» ነው። የላቲን መምህር «ኢ-መደበኛ ስም» ብሎ የሚያስሸመድደው የዱሮው መደበኛ ነበር ማለት ነው።

5. ሁለተኛው ንብርብር፦ ጥቅል ስም አንስት ሲሆን

የአንስት ፆታ እንዴት በቀለ? ፍንጩ ያለው የማይጠበቅ ቦታ፣ በግዑዝ ስሞች የብዙ ቁጥር ላይ ነው። በጥንቱ ግሪክ ግዑዝ ስም ብዙ ሲሆን ግሡ በነጠላ ይነገራል፤ «እንስሳቱ ይሮጣል» እንደ ማለት ነው። በኬጢያውያን ቋንቋና በጥንቱ የፋርስ ዘመድ በአቬስታ ቋንቋም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ዮሐነስ ሽሚት የተባለው ጀርመናዊ ይህን ሲያብራራ፣ ያ «ብዙ» በመነሻው የብዙ ቁጥር ሳይሆን አንድ ጥቅል ስም ነበር አለ። እኛስ «ብዙ ሰዎች መጡ» እያልን «ብዙ ሰው መጣ» እንል የለ? የኋለኛው ሕዝቡን እንደ አንድ ክምር ይቆጥረዋል።

ይህ የጥቅል መድረሻና የአንስት መድረሻ በድምፅ አንድ ናቸው። በላቲን «ኦፑስ» ሥራ ሲሆን ብዙው «ኦፔራ» ነው፤ ይኸው «ኦፔራ» ደግሞ ራሱን የቻለ ነጠላ አንስት ስም ሆኖ ድካም፣ ጥረት ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው የሙዚቃ ድራማ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ጉዞው በታሪክ ዘመንም ተደግሞአል። የላቲን «ፎሊያ» (ቅጠሎች) ግዑዝ ብዙ ነበር፤ በጣሊያንኛ «ፎሊያ» ሆኖ አንድ ቅጠል ማለት ሲሆን ፆታው አንስት ነው። እንዲህ ያለው መንገድ የሚቻል መሆኑን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የጥቅሉ መድረሻ በዝርዝር እንዴት ወደ ሴት ምልክትነት እንደ ተሻገረ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

የዘመድ ስሞችም ይመሰክራሉ። በላቲን እናት «ማተር»፣ አባት «ፓተር» ነው። እናት የአንስት መድረሻ የላትም፤ ልክ እንደ አባት ትረባለች። ሴት ማለት ከእናት የበለጠ የት አለ? ምልክቱ የሌላት ስሟ ምልክቱ ሳይወለድ በፊት የነበረ ስለሆነ ነው።

ያ መድረሻ በውስጡ የጠፋ የጉሮሮ ድምፅ ነበረው። ይህን መጀመሪያ ያሰበው ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1878 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። አንዳንድ ረጃጅም አናባቢዎች የተወለዱት አንድ ድምፅ ጠፍቶ ነው አለ፤ ድምፁን ግን የሰማ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1927 ፖላንዳዊው የርዚ ኩሪዎቪች፣ ሶሱር በገመተው ቦታ ላይ በኬጢያውያን ጽላቶች «ሕ» ተጽፎ እንደሚገኝ አሳየ። ለእኛ ነገሩ በደጃችን ያለ ነው፤ በግዕዝ «በልዐ» የሚለው በአማርኛ «በላ»፣ «ሰምዐ» የሚለው «ሰማ» ሆኖአል። «ዐ» ከአፋችን ጠፍታ ራብዑን አናባቢ እንደ አሻራ ትታልናለች።

6. ሦስተኛው ንብርብር፦ ቃል ወደ ጅራት፣ ጅራት ወደ ቃል

አሁን ወደ «ቡስ» እንመለስ። ለብዙ ስሞች «ለ» ወይም «በ» ለማለት ላቲን «ቡስ»፣ ሳንስክሪት «ብያስ» እና «ብሂስ» ይላሉ። ሩሲያኛ ግን «ቮልካም» (ለተኩላዎች)፣ ሊቱዌንኛ «ቪልካምስ» ብለው በ«ብ» ፈንታ «ም» ያደርጋሉ። በኬጢያውያን ቋንቋ አንዱም የለም። ባለቤትና ተሳቢ ላይ ሁሉም የተስማሙ ልጆች እዚህ ላይ የተለያዩት ለምንድን ነው? ቤቱ በዚህ በኩል ገና ሳይጠናቀቅ ስለተበታተኑ ይመስላል።

በግሪክ ደግሞ «ፊ» የሚል መድረሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ማይክል ቬንትሪስ በፈታው የሚኬኔ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ በሆሜር ግጥሞችም በነጠላም በብዙም ቁጥር ያገለግላል። ነጠላና ብዙ የማይለይ መሆኑ መጀመሪያ የተወሰነ የእርባታ ቦታ ያልነበረው፣ ራሱን የቻለ ትንሽ ቃል እንደ ነበር ያመለክታል። ብዙ ሊቃውንት ከእንግሊዝኛው «ባይ» (በ፣ አጠገብ) ጋር ያዛምዱታል።

ራሱን የቻለ ቃል እንዴት ጅራት ይሆናል የሚል ካለ የገዛ አፉን ያዳምጥ። «ሄዶአል» ማለት «ሄዶ» እና «አለ» ነው፤ «ይሄዳል» ማለትም «ይሄድ» እና «አለ» ነው። ዛሬ «ሄዷል» ብለን ስንጽፍ «አለ»ን የሚያስታውሰው የለም። ሁለት ቃላት አብረው በተደጋጋሚ ሲነገሩ ደካማው በጠንካራው ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ የ«ቡስ» ታሪክ ሙሉ ክብ ሠርቶአል፤ ከታሪክ በፊት ትንሽ ቃል ነበረ፤ በሮማውያን ዘመን ጅራት ነበረ፤ ከ1820ዎቹ በኋላ እንደገና ቃል ሆነ።

7. ለመምህር የሚቀረው ትምህርት

አንደኛ፤ እርባታ ማደግም መክሰምም ያለበት የማያቋርጥ ሥራ ነው። እንግሊዝኛ አብዛኛውን የስም እርባታውን ጥሎ የቃል ቅደም ተከተልንና እንደ «ባይ» ያሉ ትንንሽ ቃላትን በቦታው ተክቶአል፤ ሐሳብ መግለጽ ግን አልተሳነውም። ስለሆነም በክፍላችን የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ልጆች ሲቀመጡ የአንዱን ቋንቋ «የሞላ»፣ የሌላውን «የጎደለ» ማለት በሳይንስም የተሻረ ነው። ቋንቋው የተናቀበት ልጅ እጁን አያወጣም።

ሁለተኛ፤ «ኢ-መደበኛ» የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የዱሮ ሥርዓት ቅሪት ነው። ሁሉን ማወቅ አይጠበቅብንም፤ «ምክንያት የለውም» ማለት ግን ከማናውቀው በላይ መናገር ነው።

ሦስተኛ፤ የምናስተምረውን በሦስት መደብ ለይተን እንንገር። የ«ስ» እና የ«ም» መኖር የተረጋገጠ ነው። አንስት ፆታ ዘግይቶ መብቀሉ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ መደምደሚያ ነው። የአድራጊና የዘርፍ «ስ» አንድነት ግን መላምት ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚናገር መምህር የሚያስተምረው እውቀት ሳይሆን መሸምደድን ነው።

ተማሪው ስለ «ቡስ» ሲጠይቅ እንግዲህ መልስ አላችሁ። ባይኖራችሁም «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ነውር አይደለም።

ለቡድን ውይይት

ሀ. «ብዙ ሰው መጣ» እና «ብዙ ሰዎች መጡ» በምን ይለያያሉ? ከግሪኩ ግዑዝ ብዙ ጋር አነጻጽሩ።

ለ. በአማርኛ ወይም በሌላ በምታውቁት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቃል የነበረ፣ አሁን ግን ቅጥያ የሆነ ሌላ ምሳሌ ፈልጉ።

ሐ. «በግ ገዛሁ» እና «በጉን ገዛሁ» ስንል «ን» ለምን በሁለተኛው ብቻ ትገባለች? ከሕያውና ግዑዝ ልዩነት ጋር ምን ያመሳስላታል? ምንስ ይለያታል?